ካርቦኑ ቆጣሪው ላይ አይታይም

ባሕር ዳር ውስጥ በቅርብ ዓመታት የተሠሩትን የንግድ ሕንፃዎች ከሩቅ ብታዩ አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው። ከላይ እስከ ታች መስታወት። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ አረንጓዴ፣ በአሉሚኒየም የታሰረ። ደብረ ማርቆስም ያው ነው። ቡሬና ፍኖተ ሰላምም እየተከተሉ ነው። ምድር ላይ ባንክ፣ ከላዩ ካፌ፣ ከዚያ በላይ ቢሮ፣ አናቱ ላይ ሮቶ፣ ከጀርባ ጄኔሬተር። ይህ ሁሉ ስንት ኃይል ይበላል፣ ስንት ካርቦን ያወጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም የለም። ብትጠይቁም መልሱ አፍ ላይ ነው፦ «የእኛ መብራት እኮ ከውኃ ነው፤ ምን ካርቦን አለው?»

መልሱ ግማሹ እውነት ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው፣ ለጎጃም ሰው ደግሞ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1950ዎቹ የተሠራው የመጀመሪያው የጢስ አባይ ማመንጫ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ከጣና ውኃ የሚወስደው ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ስለዚህ አንድ የባሕር ዳር ሆቴል ከመስመር የሚወስደው ኃይል የድንጋይ ከሰል አንድዶ መብራት ከሚያመነጭ አገር ሆቴል ጋር ለንጽጽር አይቀርብም።

ችግሩ እዚህ ላይ ጉዳዩን ዘግተን ስንነሳ ነው። ሕንፃዎቻችን ካርቦን የሚያወጡት ቆጣሪው በማያውቃቸው በሮች ነው፤ በናፍጣው፣ በኤሲው ጋዝ፣ በወጥ ቤቱ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሕንፃው ገና ሲሠራ በሚገባው ሲሚንቶና አሉሚኒየም። ሌላ አገር የተጻፈ የኃይል ቁጠባ ምክር ብዙውን ጊዜ ቆጣሪው ላይ ያተኩራል፤ እነሱ ጋ ካርቦኑ ያለው እዚያ ስለሆነ። እኛ ያንን ገልብጠን ብንወስድ የተሳሳተውን ነገር ስናሳድድ እንውላለን።

ከጄኔሬተሩ እንጀምር። መብራት ይጠፋል። አንዳንዴ ለሰዓት፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ደግሞ ለቀናት። ጄኔሬተር የሌለው ሕንፃ ደህና ተከራይ አያገኝም፣ ይሄ የሚያከራክር አይደለም። ታዲያ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጄኔሬተሩ በሰዓት 10 ሊትር እየጠጣ በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ፣ በቀን ከ100 ኪሎ በላይ፣ በወር ከ3 ቶን በላይ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ቆጣሪው ቆሟል። የወሩ የመብራት ክፍያ ሲመጣ ሕንፃው የቆጠበ ይመስላል።

የባሰው ደግሞ የጄኔሬተሩ መጠን ነው። ባለ ሕንፃው ሲገዛ «ለሁሉም የሚበቃ ይሁን» ይላል። ሊፍቱ፣ ኤሲው፣ የውኃ ፓምፑ፣ የካፌው ቡና ማሽን፣ ምጣዱ፣ ሁሉም እኩል ቢነሱ ተብሎ ይሰላል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ግን የሚሠራው አምፖልና ሁለት ፍሪጅ ነው። ትልቅ ሞተር ከአቅሙ ሩብ በታች ሲሠራ ለእያንዳንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጣው ናፍጣ ይጨምራል፣ በደንብ ያልተቃጠለው ነዳጅ ጭስ ማውጫው ላይ ይጠራቀማል፣ ሞተሩም ቶሎ ያረጃል። ከፍታውም አለ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሞተሩ ካታሎጉ ላይ የተጻፈለትን ጉልበት ሙሉውን አይሰጥም። ሻጩ ይህን ስለሚያውቅ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ያስይዘዋል። ባለቤቱም ትልቅ ሞተር ያስከብራል ብሎ ይወስዳል።

ኤሌክትሪክ መቆጠብ ከካርቦን ጋር የሚገናኘው እዚህ ጋ ነው። የውኃ መብራት ስትቆጥብ በቀጥታ የምትቀንሰው ካርቦን ትንሽ ነው። ነገር ግን የሕንፃው የኤሌክትሪክ ጭነት በግማሽ ከወረደ የሚያስፈልገው ጄኔሬተርም በግማሽ ይወርዳል፤ ከዚያም አልፎ አብዛኛውን ሥራ ባትሪ ሊሸከመው ይችላል። ባለ 36 ዋት ረጅም ቱቦ ከነባላስቱ ከ40 ዋት በላይ ይወስዳል፣ በቦታው የሚገባው ኤልኢዲ 18 ዋት አካባቢ ነው። አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ኮምፒውተሩ፣ ራውተሩ፣ መብራቱና ኤቲኤሙ ተደምሮ ሊትየም ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) የማይችለው ጭነት አይደለም። ሊፍትና ምጣድ ሌላ ጉዳይ ናቸው፣ እነሱ ጄኔሬተሩን ይጠብቁ። ባትሪው መብራት ሲኖር ከመስመሩ ይሞላል፤ መስመሩ ደግሞ የውኃ ነው። ናፍጣ ሳይነካ።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ብዙ ሰው «አረንጓዴ ሕንፃ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ጣራ ላይ የተደረደረ ሶላር ነው። ለእኛ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ባትሪ የሌለውና ከመስመር ጋር ብቻ የተያያዘ ሶላር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ሲኖር ደግሞ የሚተካው ያንኑ የውኃ ኃይል ነው። ናፍጣውን የሚተካው ባትሪው ነው። መብራት ለቀናት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ሶላሩ ባትሪውን እየሞላ ዋጋ ይኖረዋል፣ ሌላ ቦታ ግን ገንዘቡ መጀመሪያ ጭነት መቀነሻ ላይ፣ ቀጥሎ ባትሪ ላይ ቢውል ይሻላል። ሻጮቹ ይህን አይነግሯችሁም።

አሁን ወደ መስታወቱ።

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ብዙም አትጎዳም፤ ግድግዳ ላይ የምታርፈው በጣም አዘንብላ ስለሆነ ትንሽ የጣራ ክንፍ ይመልሳታል። ጉዳቱ ያለው ዝቅ ስትል ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ በምዕራብ በኩል ፊት ለፊት ትገባለች። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ በምዕራብ ግድግዳ አንድ ካሬ ላይ 700 ዋት ገደማ የሚሆን ሙቀት ያርፋል። ከዚህ ውስጥ ተራው ባለ ቀለም መስታወት ከግማሽ በላዩን ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። ሃያ ካሬ ሜትር መስታወት ያለው ቢሮ ስምንት ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይቀበላል ማለት ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰክቶ መሃላቸው ተቀምጦ ደብዳቤ እንደ መጻፍ ነው። ያንን ሙቀት ለማስወጣት ኤሲ ይገባል፣ ኤሲው መብራት ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል። ናፍጣው የሚነደው መስታወቱ ያስገባውን ሙቀት ለማስወጣት ነው!

መጋረጃ አይረዳም ወይ? ትንሽ ይረዳል። ግን ሙቀቱ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ነው መጋረጃው የሚያገኘው፤ ክፍሉ ውስጥ ገብቷል፣ የትም አይሄድም። የሚሠራው ከውጭ የሚከለክል ነገር ነው። በረንዳ፣ የቆመ የሲሚንቶ ወይም የብረት ክንፍ፣ ዛፍ። ከሁሉም የሚሻለውና አንድ ብር የማያስወጣው ደግሞ ንድፉ ላይ ደረጃውን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ዕቃ ቤቱን፣ ሊፍቱን ወደ ምዕራብ ማዞር ነው። ሙቀቱን ማንም የማይቀመጥበት ክፍል ይብላው።

ባሕር ዳር እዚህ ላይ ዕድለኛ ናት። ከተማዋ የተኛችው በጣና ደቡብ ዳርቻ ነው፤ ሐይቁ በሰሜን ነው ያለው። እንግዳው ሐይቁን ማየት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ትልቁ መስኮት ወደ ሰሜን ይሆናል። ሰሜን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በብዛት ጥላ ነው። ፀሐይዋ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን የምታልፈው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ነው፣ ከዚያም ውስጥ ትልቁ ጊዜ ደመናማ ክረምት ነው። ሐይቁን የሚያይ መስታወት ብዙም ሳይጎዳ ገቢ ያመጣል። የሚያሳዝነው ሐይቁን ያገኘው ሆቴል እዚያው ሕንፃ ላይ የምዕራቡንም፣ የምሥራቁንም በዚያው መስታወት መሸፈኑ ነው፤ ያ ጎን የሚያየው የጎረቤትን ቆርቆሮ ሆኖ ሳለ።

የንድፍ ኮፒ ሌላው በሽታ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800። ይሄ ልዩነት ብቻውን ሦስት አራት ዲግሪ ሙቀት ያመጣል። አዲስ አበባ ላይ ያለ ኤሲ ሊኖር የሚችል ሕንፃ ባሕር ዳር ላይ ምድጃ ይሆናል። ያው ንድፍ ደብረ ማርቆስ ሲሄድ ደግሞ ጠዋት ሰው ካፖርት ለብሶ ይሠራበታል፣ ከሰዓት ያልበዋል፣ ክረምት ላይ ሂተር ይሰካል። ማርቆስ ላይ የጠዋት ፀሐይ ጸጋ ነው፤ መስታወት ካስፈለገ ወደ ምሥራቅ ነው። ሦስት ከተማ፣ ሦስት አየር፣ አንድ ንድፍ። አርክቴክቶቹ ይህን ስተውት አይመስለኝም። ትምህርት ቤት ተምረውታል። ባለቤቱ ነው «እንደ እገሌ ሕንፃ ይሁንልኝ» የሚለው።

ሕንፃው አንዴ ከቆመ በኋላስ? ብዙ ነገር አለ፣ ግን በፍጥነት ልለፈው። የጣሪያ ማራገቢያ ከ50 እስከ 75 ዋት ይወስዳል፣ ትንሽ ኤሲ ደግሞ አንድ ኪሎ ዋት ገደማ። የባሕር ዳር ሌሊት በሙቀቱ ወራት እንኳ ቀዝቀዝ ይላል፤ ጥበቃው ማታ የላይኛውን መስኮት ቢከፍተው የግድግዳው ሙቀት ወጥቶ ያድራል። ኤሲ ካለም 16 ላይ አስሮ ሹራብ ከመልበስ 25 ላይ ማድረግ ነው። የሆቴል ቦይለር 50 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ እንግዳ የሌለበት ክፍል ቦይለር ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ሲውል ግን ማንም አያየውም። ውኃ ማሞቂያ ሶላር እዚህ ቦታ ላይ በጣም ያዋጣል፣ ቴክኖሎጂውም ቀላል ነው።

ኤሲን ካነሳን አይቀር አንድ ሰው የማያወራው ነገር አለ፦ ጋዙ። ብዙዎቹ ኤሲዎች ውስጥ ያለው አር-410ኤ የሚባለው ጋዝ አንድ ኪሎው ወደ አየር ሲወጣ ከሁለት ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበለጠ ያሞቃል። ይሄ ከ770 ሊትር ናፍጣ ጋር እኩል ነው። አንድ የግድግዳ ኤሲ ውስጥ ያለው ደግሞ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ቴክኒሻኑ በየዓመቱ እየመጣ «ጋዝ ሞላሁልህ» ካለ ያለፈው ዓመት ጋዝ የት ሄደ? ወጥቷል። ጋዝ በሥራ ብዛት አያልቅም፣ ቱቦው ካልተቀደደ በስተቀር እዚያው ነው የሚዞረው። ስለዚህ በውኃ መብራት አገር የኤሲ ትልቁ ካርቦን የሚበላው ኤሌክትሪክ ላይ ሳይሆን የሚያፈስሰው ቱቦ ላይ ነው። ቴክኒሻኑን ጋዝ ሲሞላ ብቻ ሳይሆን ቱቦውን ሲጠግን ክፈሉት። አዲስ ስትገዙ ደግሞ አር-32 የሚባለው ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው ጉዳቱ፣ ገበያ ላይም አለ።

ወጥ ቤቱ የጎጃም ልዩ ጉዳይ ነው። ሆቴልና ምግብ ቤት ብዙ ከሰልና ማገዶ ይጠቀማል፣ ለቡናውም ለጥብሱም። አዊ ውስጥ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማና እንጅባራ አካባቢ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዓይነት ተክሎ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ይዘራበታል፣ ከተቆረጠ በኋላ መልሶ ይተክላል። እንዲህ ዓይነቱ ከሰል ሲነድ የሚወጣውን ካርቦን ቀጣዩ ተክል መልሶ ይወስደዋል፣ ምንም እንኳ ከሰሉ ሲከሰል በሚወጣው ጭስ የተወሰነው ቢባክንም። ከቆላው የተፈጥሮ ደን ተቆርጦ የመጣው ከሰል ግን ተመላሽ የለውም። ሁለቱ ጆንያ ውስጥ ሲገቡ አይለዩም። አንድ ትልቅ ሆቴል ከሰሉን ከማኅበር በቀጥታ ቢገዛ ከየት እንደመጣ ያውቃል። አሁን ዲከረንሱ ላይ በሽታ መግባቱ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ አቅርቦቱ ካነሰ ፊቱን ወደ ደን የሚያዞር ነጋዴ አይጠፋም። እንጀራው በምጣድ ቢሆን ይመረጣል፣ በተለይ የመብራት ጭነት ቀለል በሚልበት ሌሊትና ረፋድ ላይ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው መብራት በሚያበራበት ሰዓት አራት ምጣድ እኩል መሰካት ሰፈሩን ትራንስፎርመር ማሳጣት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሕንፃው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለው ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ነው፤ ነዳጁ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ይተፋል። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ እንደ ዓይነቱ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይመጣል። አሥር ሺህ ኩንታል የበላ ሕንፃ ገና አምፖል ሳይበራበት ብዙ መቶ ቶን አውጥቷል። ከላይ ያሰላነው ጄኔሬተር ያንን ለማውጣት ከአሥር ዓመት በላይ መሥራት አለበት። አሉሚኒየሙ ደግሞ በኪሎ ሲታይ ከሲሚንቶው ብዙ እጥፍ የከፋ ነው፣ በዶላርም ነው የሚገባው፤ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ምን እንደሆነ ገንቢ ሁሉ ያውቀዋል። ለልስንና ለግንብ ኦፒሲ የሚባለውን ጠንካራ ሲሚንቶ የሚያፈስስ ሥራ ተቋራጭ አለ፤ ፒፒሲ የሚባለው ቅልቅል ሲሚንቶ በቂ ነው፣ ውስጡ ያለው ክሊንከር፣ ማለትም ድንጋዩ ተቃጥሎ የሚሠራው ክፍል፣ ያነሰ ነው፣ ርካሽም ነው።

እንግዲህ በየከተማው ቆሞ የቀረውን ጅምር አስቡት። አራት ፎቅ አጽም፣ ፌሮው ወደ ሰማይ የተቀሰረ፣ ዓመታት ዝናብ የሚመታው። ካርቦኑ ወጥቷል፣ ገንዘቡ ወጥቷል፣ የሚሰጠው አገልግሎት ዜሮ ነው። ስለ አረንጓዴ ሕንፃ ከመሰብሰብ በፊት ያንን ጅምር ጨርሶ ሥራ ላይ ማዋል፣ ወይም በሦስት ፎቅ ዘግቶ ማከራየት፣ ከየትኛውም ሶላር የበለጠ ውጤት አለው። ጂ+7 ፈቃድ አውጥቶ ጂ+3 ላይ የሚቀር ሰው ለመሠረቱ የሰባት ፎቅ ኮንክሪት ከፍሏል።

ታዲያ ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን አያስተካክልም? ዋናው ምክንያት ስንፍና አይደለም። መስታወቱን የሚመርጠው አከራዩ ነው፣ የመብራቱን የሚከፍለው ተከራዩ ነው። አከራዩ ለጥላ ክንፍ ለምን ያወጣል? ተከራዩ የሰው ግድግዳ ላይ ለምን ያወጣል? ኮንትራቱ የሁለት ዓመት ነው። ብዙ ሕንፃ ላይ ደግሞ አንድ የጋራ ቆጣሪ ነው ያለው፣ ክፍያው በክፍል ብዛት ይካፈላል። ቀኑን ሙሉ ካስክ የሚያስነሳው ጸጉር ቤትና አንድ ላፕቶፕ ያለው የሒሳብ ባለሙያ እኩል ይከፍላሉ። እዚህ ቦታ ላይ ማን ይቆጥባል? የቆጠበ ይከስራል። ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ከአንድ ወር ኪራይ በጣም ያነሰ ወጪ ነው፣ ከማንኛውም ምክርም በላይ ይሠራል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ስለተወሰነ ደግሞ በጋራ ቆጣሪ የሚነሳው ጭቅጭቅ እየባሰ ነው የሚሄደው።

ማዘጋጃ ቤቱም ድርሻ አለው። የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ የመኪና ማቆሚያው፣ የእሳት ማምለጫው ይታያል። በዚያው ወረቀት ላይ «የምዕራቡ ግድግዳ ምን ያህሉ መስታወት ነው? ምን ይከልለዋል?» የሚል አንድ መስመር መጨመር አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የደብረ ማርቆስ፣ የእንጅባራ ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ይፈልጋሉ፤ አንድ ሕንፃ ገብተው ቢለኩ ለባለቤቱም ለእነሱም ይጠቅማል።

ያለ ተማሪም ያለ ባለሙያም የሚጀመር ነገር ደግሞ አለ። ሕንፃው ማታ ሲዘጋ ጥበቃው የቆጣሪውን ቁጥር በስልኩ ፎቶ ያንሳ፣ ጠዋት ከመከፈቱ በፊት ደግሞ ድጋሚ። ልዩነቱ ማንም በሌለበት የነደደው ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዞር ዞር ብላችሁ ፈልጉት። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ያልተነቀለ ቦይለር፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ማስታወቂያ፣ በሩ የላላ የካፌ ፍሪጅ፣ ወይም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያፈስስ የመጸዳጃ ቤት ታንከር እና እሱን ለመሙላት ሌሊቱን ሲነሳ ሲጠፋ የሚያድር ፓምፕ ነው።